አንድ ለእናቱ

ኩርፒፕ ዝናብ አያጣም። እኔ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ
ችግኝ እሸጣለሁ በጥቁር ፌስታል፣ ለሚያይ ለማያይ።
ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣
ጠርሙስ የሚመስል ዘንባባ ነው፣ ጠባዩ የታመነ፤
ውሃ ቢረሱት አይከፋ፣ ነፋስ ቢጥለው ይነሳል፣
ሁለት መቶ ሩፒ ከሰጡኝ ከማንም ጋር ይሄዳል።

አንድ የሆቴል ሰው መጣ፣ ሰዓቱን እያየ፤
«አርባ አዘጋጂልኝ፣ ቁመቱ ያልተለያየ፤
ከበሩ እስከ መዋኛው ግራና ቀኝ ይሰለፉ፣
እንደ ክብር ዘብ ቆመው እንግዳ ያሳልፉ።»

አርባ ብዬ ጻፍኩ።
አልነገርኩትም ስለ አገሩ፣
ራውንድ ስለምትባል ደሴት፣ ስለ ትውልድ አፈሩ፤
ፍየል ቅጠሉን፣ ጥንቸል ቡቃያውን ሲግጥ ኖሮ
ጥቂት ሽማግሌ እንደቀረ፣ ከድንጋይ ጋር ተፋጥሮ።
ፍየሉም ሄደ፣ ጥንቸሉም። ልጆች ብቅ ማለት ጀመሩ፤
ግን ገና ናቸው፣ ገና፤ ነፋሱን ገና አልተማሩ።
በሰው አገር ሞልቶ ተርፎ፣ በየአደባባዩ በየደጁ፣
በገዛ ቤቱ ግን ጥቂት ነው ዘመዱ፣ ጥቂት ነው ልጁ።

ጎረቤቴ ቪሽኑዴዮ የዚያኛው ጠባቂ ነው፤
የዚያኛው፣ የአጎት ልጁ፣ አንድ ለእናቱ ለሆነው።
በአትክልቱ ስፍራ ጥግ ቆሟል፣ ከስቶ፣ አመድ መስሎ፣
በብረት ርብራብ ተይዞ፣ በአጥር ላይ አጥር አክሎ።
ሆድ የለውም እንደ ዘመዱ፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ረጅም፤
በምድር ላይ እሱን የሚመስል ሁለተኛ የለም።

«አይወልድም ወይ?» አልኩት አንድ ቀን።
ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ወንዱ አበባ ቀድሞ ይፈካል፤ ቆሞ ደጅ ይጠብቃል፤
ሴቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ብናኙ በነፋስ ያልቃል።
ኋላ እሷ ትነቃለች፣ ተኳኩላ ደጅ ታያለች፤
ማን አለ? ማንም። በተራዋ ትረግፋለች።
በአንድ ግንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ሆድና ጀርባ፤
እሱ ሲወጣ እሷ ተኝታ፣ እሱ ሲተኛ እሷ ስትገባ።»

በብሩሽም ሞክሯል፣ ከርብራቡ ጫፍ ወጥቶ፣
ብናኙን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዓሣው ጎን አስቀምጦ።
አንዳንዴ ፍሬ ይይዛል። ባሕር ማዶ ተላከች አንዷ፤
ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ብልቃጥ ውስጥ ብቅ አለች፤
ከአፈር ስትተዋወቅ
ሞተች።

በየካቲት አውሎ ነፋስ ሌሊቱን ጣሪያ ገነጠለ።
የኔ ችግኞች ተደፉ። ይሁን፤ ሲያቃኑት የሚቆም፣ አለ።
እኔን ያስጨነቀኝ ያ ነው። ጎህ ሳይቀድ ፋኖስ ይዤ፣
የወደቀ ሽቦ እየዘለልኩ፣ በጭቃው መሀል ተጉዤ
ደረስኩ። ቪሽኑዴዮ ከአጥሩ ሥር፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ፣
አንድ የወደቀ ቅጠል እንደ ሕፃን ከደረቱ አጣብቆ።

ቀና አልኩ።
ቆሟል።

ከኪሱ ደብተር አወጣ፤ እርሳሱን በምላሱ አራሰ፤
ቀኑን ጻፈ። ከቀኑ ጎን፦ «አንድ»። ወደ ኪሱ መለሰ።
በየማለዳው እንዲህ ነው። ቆጠራው ፈጥኖ ያልቃል።

«ብቻውን የሮጠን የሚቀድመው የለም» ይላሉ ሲቀልዱ፤
ብቻውን የቀረስ ወዴት ይሮጣል? የት ነው መንገዱ?

መዝገብ አለ አሉ፣ የሚጠፋን ነገር ምሁራን የሚጽፉበት፤
ሁለቱ ዘመዳሞች በአንድ ረድፍ የሰፈሩበት፦
«ለመጥፋት እጅግ የቀረበ»። ገረመኝ። አርባውና አንዱ?
በየሆቴሉ የተሰለፈው፣ እና ይሄ፣ ብቻውን፣ ከነግንዱ?

ቪሽኑዴዮ አልገረመውም።
«ያንቺ ቤቱን ለቆ ወጣ፤ የኔ ቤቱ ውስጥ ቀረ፤
በሁለቱም ደጅ ሣር በቅሏል» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ጫንኩ። የሆቴሉ ሰው ቆጠረ፤
ፌስታሉን በጣቱ እየነካ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።
«አንድ ይጎድላል» አለኝ።
«አዎ» አልኩት፣ «አንድ»፤
ዝናቡም ጀመረ።